የካውንቲ ፌር የእንስሳት ትርኢትን ስለ መምራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ብዙ ካውንቲዎች የግብርና ፌር (ዓመታዊ የግብርና ትርኢት) ያካሂዳሉ። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች በሚኖሩበት በሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲም በ1949 የተጀመረና በየኦገስቱ በጌትስበርግ የሚደረግ ፌር አለ። ከመጫወቻዎቹና ከምግብ ድንኳኖቹ ጀርባ ባሉት በረቶች ውስጥ ልጆች ለወራት ያሳደጓቸውን ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ለውድድር ያቀርባሉ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ከሚያስቡ ወላጆችና በበረቱ ሥራ ለማገዝ ከሚፈልጉ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚቀርቡ ናቸው። ቀኖቹ በሙሉ የተጻፉት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው፤ መከር፣ ክረምትና ፀደይ የሚሉትም የአሜሪካን ወቅቶች ያመለክታሉ፦ መከር ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር፣ ክረምት ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ፀደይ ከማርች እስከ ሜይ።

የእንስሳት ትርኢት ኃላፊ ዳኛ ነው?

አይደለም። ኃላፊው የትኛው ጠቦት ከየትኛው እንደሚበልጥ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ እርሱ የሚመራው የሚዛኑን፣ የጋጣውን፣ የወረቀቱን፣ የሰዓቱንና የሰዉን ሥርዓት ነው። በትልልቅ ፌሮች ለሥጋ ከብት፣ ለወተት ከብት፣ ለበግ፣ ለፍየል፣ ለአሳማ፣ ለዶሮና ለጥንቸል ለየብቻ ኃላፊ ይመደባል፤ እነዚህም ለአንድ ጠቅላላ ኃላፊ ተጠሪ ይሆናሉ። በትንንሽ ፌሮች ግን አንድ ሰው ሁሉንም ደርቦ ሊይዝ ይችላል። የሚሾማቸው የፌሩ ቦርድ ሲሆን አብዛኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በወጣቶች ክፍል ደግሞ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከኃላፊው ጎን ሆኖ ይሠራል፤ ልጁ በፕሮግራሙ በትክክል መመዝገቡን የሚያረጋግጠው እርሱ ነው።

ከሥራው ብዙው የሚያልቀው ፌሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። በፌሩ ሳምንት የሚታየው ግርግርና ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ በክረምትና በፀደይ ወራት ሳይሠራ የቀረ ሥራ ውጤት መሆኑን በረት ውስጥ የቆየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ልማዱ ከየት መጣ?

በ1807 ኤልካና ዋትሰን የተባለ ሰው በማሳቹሴትስ ፒትስፊልድ ከተማ አደባባይ ሁለት በሱፋቸው የታወቁ የሜሪኖ በጎችን ለሕዝብ አሳየ፤ በ1810 ደግሞ በዚያው ከተማ የከብት ትርኢት አዘጋጀ። ዓላማው ገበሬው የተሻለ ዝርያ አይቶ ወደ ቤቱ ሐሳብ ይዞ እንዲመለስ ነበር። የወጣቶቹ ክፍል የመጣው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ዛሬ ፎር ኤች የሚባለው ማኅበር ሥሩ በ1902 በኦሃዮ ክላርክ ካውንቲ የተቋቋመው የልጆች የግብርና ክበብ ሲሆን፣ በ1914 የወጣው የስሚዝ ሌቨር ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ለገበሬው የሚሰጡትን የኤክስቴንሽን አገልግሎት በመላ አገሪቱ ስላደራጀ ክበቦቹም በዚያው ጥላ ሥር ገቡ። በትምህርት ቤት በኩል የሚሠራው የግብርና ተማሪዎች ማኅበር ኤፍ ኤፍ ኤ የተመሠረተው በ1928 ነው።

እንስሳ ማቅረብ የሚችለው ማን ነው? እርሻ የሌለን ሰዎች ልጃችንን ማስመዝገብ እንችላለን?

በወጣቶች ክፍል ለመወዳደር ልጁ የፎር ኤች ወይም የኤፍ ኤፍ ኤ አባል መሆን አለበት። የፎር ኤች የውድድር ዕድሜ በሜሪላንድ ከ8 እስከ 18 ዓመት ሲሆን ከዚያ በታች ያሉት ሕፃናት እንስሳቸውን ቢያሳዩም ደረጃ አይሰጣቸውም። ከዚህ በተጨማሪ ብዙ ፌሮች ለማንኛውም ነዋሪ ወይም ለሌላ ካውንቲ አርቢ ክፍት የሆነ ክፍል አላቸው።

እርሻ አለመኖሩ በሩን አይዘጋም። በብዙ ካውንቲዎች ልጁ ከአርቢ ላይ ጊደር ወይም ፍየል በጽሑፍ ውል ተከራይቶ እዚያው በአርቢው በረት እየሄደ እንዲንከባከብ ይፈቀዳል፤ ይህ በተለይ በወተት ከብቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ለሥጋ የሚቀርብ እንስሳ ግን ብዙውን ጊዜ የልጁ የራሱ ንብረት መሆን ይኖርበታል። በአፓርታማ የሚኖር ቤተሰብ በጥንቸል ወይም በዶሮ መጀመር ይቀለዋል ብለው የሚመክሩ አሉ፤ ነገር ግን የኪራይ ውሉ ዶሮ ማርባትንም ሊከለክል ስለሚችል አስቀድሞ አከራዩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ኃላፊው እንዲህ ያለውን ቤተሰብ አስቀድሞ ከአርቢዎች ጋር ካላገናኘ በረቱ ከአያት ጀምሮ የሚያቀርቡ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ መድረክ ሆኖ ይቀራል።

የምዝገባ ቀን በአንድ ቀን ቢያልፍ ኃላፊው ለምን አይረዳንም?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚያስቀይመው ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመለስ ይገባል። ፌሩ በየዓመቱ የሽልማት ዝርዝሩንና ደንቡን የያዘ መጽሐፍ ያወጣል። በዚያ ውስጥ ከምዝገባው ቀን ሌላ ልጁ እንስሳውን በእጁ ማድረግ ያለበት የመጨረሻ ቀን ተወስኗል። ሰንጋ ለመድለብ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ ቀኑ ብዙውን ጊዜ ካለፈው መከር እስከ ክረምት ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ለአሳማ፣ ለጠቦትና ለፍየል ግን በፀደይ ወራት ነው። በዚያ ቀን እንስሳው ተመዝኖ የጆሮ መለያ ይደረግለታል፤ በአንዳንድ ቦታ ለዘር ምርመራ የሚሆን የጸጉር ናሙናም ይወሰዳል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው። ውድድሩ የሚለካው ልጁ እንስሳውን ማሳደጉን እንጂ አባቱ ሌላ ሰው ያደለበውን ሰንጋ በፌሩ ዋዜማ በብዙ ዶላር መግዛቱን አይደለም። ቀኑ ለአንዱ ከላላ ለሌላው የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖርም፤ በዚህ ዓመት ቀኑ ያለፈበት ልጅ የኃላፊው ጎረቤት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ወዲያው ከደንብ ወደ ዝምድና ይሻገራል። ስለዚህ ጥሩ ኃላፊ ርኅራኄውን የሚያሳየው ቀኑ ከማለፉ በፊት ነው፦ ስልክ ይደውላል፣ አስታዋሽ መልእክት ይልካል፣ ቅጹን መሙላት ለከበደው ወላጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያሳያል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው ወላጆች በሚኖሩበት ካውንቲ ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ቀኖች የያዘ አንድ ገጽ በአማርኛ ማዘጋጀት ከባድ ሥራ አይደለም።

እንስሳቱ ሲገቡ ምን ይመረመራል?

ምርመራው የሚጀምረው እንስሳው ከመኪና ሳይወርድ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ወይም የሠለጠነ ረዳት ጭርት፣ በአፍ ዙሪያ የሚወጣ ቁስል፣ የዓይን መቅላትና ማልቀስ፣ የቆዳ ኪንታሮት፣ እባጭ፣ የእግር መበስበስ ወይም ሳል መኖሩን ይመለከታል። አንዱ በግ ላይ ተላላፊ ነገር ከታየ አብረውት የተጫኑት ሁሉ ወደ መጡበት ሊመለሱ ይችላሉ። ልጁ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጭርት የያዘው ጠቦት በአንድ ሳምንት ውስጥ በሽታውን ወደ ብዙ እርሻዎች ሊያዛምት ይችላል።

ከዚያ ወረቀቱ ይታያል። ከሌላ ስቴት የሚመጣ እንስሳ እውቅና ባለው ሐኪም የተፈረመ የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ በስቴቱ ውስጥ ለሚኖሩትም እንደ ስቴቱ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። በጎችና ፍየሎች ስክሬፒ ለተባለው የአንጎል በሽታ ቁጥጥር የሚያገለግል ሕጋዊ መለያ ሊኖራቸው ይገባል። ከኖቬምበር 5፣ 2024 ጀምሮ ደግሞ ለትርኢት የስቴት ድንበር የሚሻገር ከብት፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ በዓይንም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያም የሚነበብ የጆሮ መለያ እንዲኖረው በፌዴራል ደረጃ ተደንግጓል። በመለያው ላይ ያለው ቁጥርና በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ አሃዝ እንኳ ከተለያየ መጀመሪያ ያንን ማስተካከል ይቀድማል።

በበረት ውስጥ ሰው ከእንስሳ በሽታ ሊይዘው ይችላል?

አዎን፤ እንደ ቀላል የሚታይ ጉዳይም አይደለም። በ2012 በአሜሪካ ከ300 በላይ ሰዎች ከአሳማ በተላለፈ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ተይዘዋል፤ አብዛኞቹም በግብርና ፌሮች ላይ ከአሳማ ጋር የተቀራረቡ ሰዎች ነበሩ። በሴፕቴምበር 2017 በሜሪላንድ ውስጥም ከፌር አሳማዎች ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ ሕመም ታይቷል። ከዚያ ወዲህ አሳማዎች በበረቱ የሚቆዩበትን ጊዜ ከ72 ሰዓት እንዳይበልጥ ማድረግ፣ ትኩሳት የታየበትን እንስሳ ወዲያው መለየት፣ በአሳማ በረት ውስጥ ምግብና መጠጥ እንዲሁም የሕፃን ጋሪና የጡጦ ጫፍ መከልከል ይመከራል።

ሌላው አደጋ ከፋንድያ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚሄደው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በ2004 በሰሜን ካሮላይና ስቴት ፌር ሕፃናት እንስሳ በሚዳስሱበት ስፍራ ምክንያት ከ100 በላይ ሰዎች ታመው ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ስቴቱ ለእንዲህ ያሉ ትርኢቶች ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ አወጣ። ከበረቱ መውጫ ላይ ውኃና ሳሙና መኖሩን ማረጋገጥ የኃላፊው ግዴታ ነው፤ የእጅ ማጽጃ ፈሳሽ በፋንድያ የቆሸሸን እጅ በደንብ ስለማያጸዳ ምትክ አይሆንም።

አንዳንዴም በሽታው ትርኢቱን ራሱን ይለውጠዋል። በ2015 የወፍ ጉንፋን በተስፋፋ ጊዜ ሚኔሶታና አይዋ የዶሮና የአእዋፍ ትርኢቶችን ከልክለው ነበር፤ በአንዳንድ ካውንቲዎች ልጆቹ ያለ ሕያው ዶሮ በፖስተርና በቃል ማብራሪያ ተወዳደሩ። በማርች 2024 ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በወተት ላሞች ላይ ሲገኝ ደግሞ ሚኔሶታ የሚታለቡ ላሞች ወደ ፌር ከመምጣታቸው በፊት እንዲመረመሩ ስታዝዝ ሚሺጋን በስቴቱ ውስጥ ለ60 ተከታታይ ቀናት አዲስ በሽታ እስካልታየ ድረስ እንዳይቀርቡ አገደች። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በአጭር ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል ኃላፊው ከስቴቱ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ጋር ያለው ግንኙነት ቀደም ብሎ የተመሠረተ መሆን አለበት።

ምድቦቹ እንዴት ይወጣሉ?

ለሥጋ የሚቀርቡት በክብደት፣ ለእርባታ የሚቀርቡት ደግሞ በዕድሜ ይመደባሉ። ለምሳሌ 46 ጠቦቶች ከተመዘኑ ስማቸው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድሮ በአምስት ምድብ ይከፈላል፤ መስመሩ የሚሰመረው ግን ቁጥሩን እኩል ለማድረግ ብቻ ሳይሆን ክብደታቸው የተቀራረበ እንስሳት እንዳይለያዩም ታስቦ ነው። የወተት ጊደሮች ምድብ በተወለዱበት ወር የሚወሰን ሲሆን የመለያ ቀኖቹ ማርች 1፣ ጁን 1፣ ሴፕቴምበር 1 እና ዲሴምበር 1 ናቸው። ሚዛኑ በሕግ አግባብ የተረጋገጠ፣ መዛኙም ልጁ የማይወዳደርበት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ከሚዛን በኋላ የሚመጣ ልመና ተቀባይነት የለውም።

ከዚህ የተለየው የአቀራረብ ችሎታ ውድድር ነው። እዚያ የሚዳኘው እንስሳው ሳይሆን ልጁ ነው፦ እንስሳውን እንዴት እንደሚመራ፣ እግሮቹን እንዴት እንደሚያስተካክል፣ ዓይኑን ከዳኛው ላይ አለማንሣቱ፣ ስለ መኖው ሲጠየቅ መመለሱ። ውድ እንስሳ መግዛት ላልቻለ ቤተሰብ ልጅ ይህ ውድድር ከሁሉ የበለጠ ፍትሐዊ ነው፤ ስለዚህም ከሰዓት በኋላ ሰው ሲደክም የሚደረግ የማሟያ ዝግጅት ሊሆን አይገባውም።

ዳኛው በምን ይፈርዳል? ውጤቱን መቃወምስ ይቻላል?

ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ካውንቲ ወይም ስቴት ተከፍሎት ይመጣል። እኛ አገር ገበያ ላይ አዋቂ ሰው የሙክት ጀርባና ሽንጥ ዳብሶ ሥጋውን እንደሚገምት ሁሉ የበግ ዳኛም ጣቶቹን በጀርባው ላይ ያሳርፋል፤ ልዩነቱ ዳኛው ምክንያቱን በድምፅ ማጉያ ለሕዝብ የመናገር ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። በአንዳንድ ፌሮች ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ ይደረደራሉ፤ በሌሎች ደግሞ እያንዳንዱ እንስሳ ከመለኪያው አንጻር ታይቶ ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ነጭ ሪባን ይሰጠዋል፤ ለሻምፒዮኖች ሐምራዊ ነው።

ኃላፊው ከውድድሩ በፊት ዳኛውን ከአቅራቢዎች አርቆ ያቆያል፤ ስለ እንስሳቱ ባለቤቶችም ምንም አይነግረውም። የራሱ ልጅ ወይም የወንድሙ ልጅ በሚወዳደርበት ምድብ ደግሞ ሌላ ሰው ተክቶ ከሜዳው ይወጣል። የዳኛው አስተያየት የመጨረሻ ነው። አቤቱታ የሚቀርበው ደንብ ተጥሷል በሚል ብቻ ሲሆን በጽሑፍ፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ከተወሰነ የማስያዣ ገንዘብ ጋር መሆን አለበት። «የእኔ ልጅ ሰንጋ ይበልጥ ነበር» የሚለው አቤቱታ አይደለም።

ማጭበርበር ሲጠረጠር ምን ይደረጋል?

እንስሳውን ለማሳበጥ አየር ወይም ዘይት መውጋት፣ በግድ ውኃ መጋት፣ ክሌንቡተሮል የመሰለ የተከለከለ መድኃኒት መስጠት፣ የጆሮ መለያ መቀየር፦ እነዚህ ሁሉ በታሪክ የታዩ ናቸው። ፌሮቹ በአብዛኛው የሚከተሉት የሥነ ምግባር ደንብ ለእንስሳው ሁኔታ ሙሉ ኃላፊነቱን በአቅራቢውና በቤተሰቡ ላይ ይጥላል፤ «መርፌውን የወጋው ሌላ ሰው ነው» ማለት አያድንም። ሕጋዊ መድኃኒት እንኳ ቢሆን ከሰውነት እስኪወጣ የሚጠበቅበት ጊዜ ካላለፈ እንስሳው ለእርድ ሊሸጥ አይችልም፤ ለዚህም ነው የመድኃኒት መዝገብና የእንስሳት አያያዝ ሥልጠና ምስክር ወረቀት የሚጠየቀው።

ኃላፊው ጥርጣሬ ሲያድርበት በሜዳው መካከል ልጁን አያዋርድም። እንስሳውን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ሐኪሙ ናሙና ምስክር ባለበት እንዲወስድ ያደርጋል፣ ጉዳዩን ለቦርዱ ያስተላልፋል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሽልማቱና የሽያጩ ገንዘብ ይያዛል።

ልጄ በመጨረሻ «እንስሳዬ አይታረድ» ቢል ማስቀረት እንችላለን?

እንደ ፌሩ ደንብ ይለያያል። በአንዳንዶቹ ለሥጋ የቀረበ እንስሳ ሁሉ በሐራጅ ተሸጦ ከፌሩ በቀጥታ ወደ ማረጃ ይሄዳል፤ በሌሎቹ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። በ2022 በካሊፎርኒያ ሻስታ ዲስትሪክት ፌር አንዲት ልጅ ሴዳር የተባለ ፍየሏን ከሐራጅ ለማስቀረት ፈልጋ ፌሩ አልፈቀደም፤ ቤተሰቡ ፍየሉን ይዞ ሲሄድ የሸሪፍ ሠራተኞች ብዙ መቶ ማይል ተጉዘው ወሰዱት፣ ፍየሉም ታረደ። በካውንቲውና በሸሪፉ መሥሪያ ቤት ላይ የቀረበው ክስ በ2024 በ300,000 ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ደንቡ ጥብቅ መሆኑ ብቻውን ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ደንብን ማስከበርና ለአንድ ፍየል ሸሪፍ መላክ በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። መፍትሔው ወላጅና ልጅ አብረው የሚፈርሙበት የሽያጭ ቅጽ፣ ሐሳብ ለመለወጥ የተቆረጠ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ልመናም ቦርዱ አስቀድሞ የተስማማበት መንገድ መኖሩ ነው። ወላጁ በበኩሉ እንስሳው መጨረሻ ላይ እንደሚታረድ ገና በጃንዋሪ ለልጁ ቢነግረው ይሻላል።

በሐራጁ ላይ በግ ወይም ፍየል ገዝቼ ለቤቴ ማሳረድ እችላለሁ?

ማንኛውም ሰው ተመዝግቦ የገዥ ቁጥር ወስዶ መጫረት ይችላል። ዋጋው ከገበያው ከፍ ሊል እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት፤ ብዙ ነጋዴዎች የሚጫረቱት ልጁን ለማበረታታት ነው። ለግል ፍጆታ በሚያርድ ቄራ የተዘጋጀ ሥጋ ለቤተሰብ እንጂ ለሽያጭ አይፈቀድም፤ ለምግብ ቤት የሚሆን ሥጋ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ባለበት ቄራ የታረደ መሆን አለበት። በክርስቲያን ወይም በሙስሊም እጅ እንዲታረድ የሚፈልግ ገዥ ከመጫረቱ በፊት ፌሩ ከየትኛው ቄራ ጋር እንደሚሠራ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ከመዶሻው በኋላ መጠየቅ ይዘገያል።

ሃይማኖታችን ከአሳማ የሚያርቀን ከሆነስ?

ልጁ በበግ፣ በፍየል፣ በከብት ወይም በዶሮ ብቻ ቢሳተፍ ምንም አይጎድልበትም፤ አሳማ እንዲይዝ የሚያስገድደው ደንብ የለም። በረዳትነት የሚሠራ ልጅ የተለየ በረት እንዲመደብለት ለኃላፊው መንገር በቂ ነው። ፌሩ በኦገስት ሲውል ጾመ ፍልሰታ ይገናኘዋል፤ በበረቱ አካባቢ የሚሸጠው አብዛኛው ሥጋና አይብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚውል ቤተሰብ ስንቁን ይዞ መሄዱ አይከፋም።

ከብት ገመድ በጥሶ ቢያመልጥ ወይም ሙቀት ቢበረታ ኃላፊው ምን ያደርጋል?

600 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሰንጋ በሕዝብ መካከል ሲሮጥ የሚያባብሰው የሚያሳድደው ሰው ነው። የውጭ በሮች ወዲያው ይዘጋሉ፣ በድምፅ ማጉያ ሕዝቡ በጎን ቆሞ እንዲጠብቅ ይነገራል፣ ከብቱን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ሌላ የተረጋጋ ከብት አስከትለው ይቀርባሉ። ሙቀትን በተመለከተ አሳማ በላብ ራሱን ስለማያቀዘቅዝ ውድድሩ በማለዳ ይደረጋል፣ የነፋስ ማራገቢያና ውኃም ይዘጋጃል። ማራገቢያዎቹ ራሳቸው ሌላ ሥጋት ናቸው፤ በጉዝጓዝ ላይ የተዘረጋ ያረጀ የኤሌክትሪክ ገመድ በረት ሊያቃጥል ስለሚችል ኃላፊው በየምሽቱ ዞሮ ያያል።

በበረቱ ሥራ ማገዝ የምፈልግ ሰው ከየት ልጀምር?

በካውንቲዎ የሚገኘውን የኤክስቴንሽን ቢሮ ወይም የፌሩን ጽሕፈት ቤት በክረምት ወራት ያነጋግሩ። ከልጆች ጋር ለሚሠሩ ሰዎች የወንጀል ታሪክ ማጣሪያና አጭር ሥልጠና ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጥዎት ሥራ ጋጣ መቁጠር፣ በሚዛኑ አጠገብ ቁጥር መጻፍ ወይም ቀጣዩን ምድብ በበሩ ላይ ማሰለፍ ይሆናል። እንስሳ ያሳደገ ሰው ሥራውን ቶሎ ይለምደዋል፤ ጥሩ መዝገብ ያዥም እኩል ይፈለጋል። ፌሩ ሲያበቃ እንስሳቱ የሚለቀቁበት ሰዓት አለና ያን ምሽት እያንዳንዱ የጆሮ መለያ ከመውጫ ወረቀቱ ጋር እየተመሳከረ ተጎታቾቹ አንድ በአንድ ሲሸኙ በር ላይ የሚቆም ሰው ሁልጊዜ ይጎድላል።